ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ሆኖ የመርሳት ሕመም ለያዛቸው ወላጆች የእፎይታ እንክብካቤ ስለማግኘት

የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) በብዙዎች ዘንድ የእርጅና ጣጣ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ምልክቶቹ ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምሩባቸው ሰዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከጠቅላላው የሕመሙ ተጠቂዎች እስከ 9 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ክፍል ይመደባሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ወላጅ በቤታቸው እያስታመሙ ለሚገኙና ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት የሚተካቸው ሰው ወይም ተቋም ለሚፈልጉ ልጆችና ቤተሰቦች ነው።

የ80 ዓመት አዛውንት ሲረሱ ጎረቤት «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። የ52 ዓመት ሰው ሲረሳ፣ ያለምክንያት ሲቆጣ፣ ገንዘብ ሲበትን ወይም በሥራው ሲሳሳት ግን የሚሰጠው ስም ሌላ ነው፦ መጠጥ፣ ግዴለሽነት፣ መተት፣ የትዳር ጠብ። በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ ምርመራ ላይ ሳይደርስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሕመሙ በሚታወቅበት ጊዜም ታማሚው ገና የቤቱ ገቢ ምንጭ ሊሆን፣ ልጆቹም ገና ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የማስታመሙ ሸክም ብዙውን ጊዜ በትዳር ጓደኛ ወይም ትምህርቷን ባልጨረሰች ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። የእፎይታ እንክብካቤ ጉዳይ ዘግይቶ የሚታሰብ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን ከምርመራው ቀን ጀምሮ ሊታቀድ የሚገባው የምንለውም ስለዚህ ነው።

የእፎይታ እንክብካቤ ሲባል ዋናው አስታማሚ እንዲተኛ፣ እንዲታከም፣ ሥራውን ወይም ትምህርቱን እንዲከታተል ሌላ ሰው ወይም ተቋም ለተወሰነ ጊዜ ኃላፊነቱን የሚረከብበት ዝግጅት ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሌሊት ወይም አሥራ አምስት ቀንም ሊሆን ይችላል። በአገራችን ለዚህ ሕመም ተብሎ በየወረዳው የተዘረጋ የእፎይታ ማዕከል የለም። በመሆኑም ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ በእጅ ያሉትን የጤና፣ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የሥራና የማኅበረሰብ አገልግሎቶች በማቀናጀት እፎይታ የሚገኝበትን መንገድ የሚመለከት ነው።

በቅድሚያ የሕክምና ማስረጃ ስለመያዝ

ከሁሉ አስቀድሞ ወላጅዎ በጤና ባለሙያ ሊታዩ ይገባል። በዚህ ዕድሜ የሚከሰት የመርሳት ችግር ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የደም ግፊትና ስትሮክ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአልኮል ተጠቃሚነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳትና ከባድ ድባቴ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በወቅቱ ከታከሙ የሚሻሉ ናቸው። ስለሆነም «የማይድን ነው» በሚል ግምት ምርመራን መተው ከፍተኛ ኪሳራ ያስከትላል።

መነሻው በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው እንደ ሁኔታው ወደ አጠቃላይ ወይም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈራል ይጽፋል። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ክፍልና የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በክልሎችም እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የሚላክባቸው ተቋማት ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሪፈራል ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መሄድና የአባልነት መታወቂያው በወቅቱ መታደሱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። መድኑ የሕክምና ወጪን የሚመለከት እንጂ ለቤት ውስጥ አስታማሚ ደመወዝ የሚከፍል አለመሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ተገቢ ነው።

ከምርመራው በኋላ የሕመሙ ስም፣ የተጀመረበት ግምታዊ ጊዜና ታማሚው በራሳቸው ማከናወን የማይችሏቸው ተግባራት የተገለጹበት የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። ብዙ ባለጉዳዮች የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ይዘው ይወጣሉ። በኋላ ለወረዳው፣ ለአሠሪው፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱና ለፍርድ ቤቱ የሚያስፈልገው ግን ያ ማዘዣ ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው።

ጸበልና ጸሎትን በተመለከተ ቤተሰቡ እንደ እምነቱ የሚያደርገው ነው። ወላጅን ወደ ጸበል ቦታ መውሰድ ለአስታማሚውም የእፎይታ ጊዜ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የታዘዘ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ታማሚው ሰው በበዛበት ስፍራ ያለ ጠባቂ እንዳይቀሩ።

ወደ የትኛው በር ይኬዳል?

የአረጋውያን አገልግሎቶች በአመዛኙ የሚታሰቡት 60 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ነው። ወላጅዎ 54 ዓመታቸው ከሆነ «ገና አልደረሱም» የሚል መልስ ሊያጋጥምዎ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥያቄዎን በዕድሜ ሳይሆን በአካል ጉዳት መደብ ማቅረብ ይገባል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የረዥም ጊዜ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንዲሁም ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል። ሁለቱ መደቦች በአንድ ንዑስ አንቀጽ ተጠቅሰው ሳለ በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ሰው መኖሩ አግባብ ባይሆንም፣ በተግባር የሚያጋጥም በመሆኑ አስቀድሞ መዘጋጀት ይጠቅማል።

ማመልከቻው የሚቀርበው በሚኖሩበት ወረዳ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የታማሚውንና የአስታማሚውን መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ፣ የቤተሰቡን ብዛትና ገቢ የሚገልጽ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ። በማመልከቻው ላይ «እርዳታ እንዲደረግልን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በምን በምን ሰዓት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ አስታማሚው ማን እንደሆነና ምን እየተስተጓጎለበት እንደሆነ ይጻፍ። «የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ጉዳዩን ከሕፃናት መብትና ደኅንነት ጋር አያይዞ እንዲያየው ያደርጋል። ቤተሰቡ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚተገበርበት ከተማ የሚኖር ከሆነና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ መሥራት ለማይችሉ ወገኖች የሚሰጠውን ቀጥተኛ ድጋፍ በተመለከተ በዚያው ቀን ይጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም አይዝለሉ፤ ቤት ለቤት የምትዞር በመሆኗ የአስታማሚውን ድካም ከማንም ቀድማ የምታየው እርሷ ናት።

በቤተሰብና በጎረቤት ተራ

እውነቱን ለመናገር በአሁኑ ሁኔታ አብዛኛው ቤተሰብ እፎይታ የሚያገኘው ከዘመድና ከጎረቤት ነው። ችግሩ ፈቃደኛ ሰው መጥፋቱ ሳይሆን እርዳታው ስም፣ ቀንና ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። «ባስፈለገሽ ጊዜ ጥሪኝ» የሚል ዘመድ ብዙ ነው። የደከመ አስታማሚ ግን ለመጥራት ያፍራል፤ ካልተጠራም የሚመጣ የለም።

ስለዚህ ቤተሰቡን አንድ ቀን ሰብስቦ ተራ ማውጣት ይመከራል። ስብሰባው ቡና ተፈልቶ፣ አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ባሉበት ቢሆን ንግግሩ ወደ ወቀሳ አይሄድም። ተራው በወረቀት ይጻፍ። ለምሳሌ ታናሽ ወንድማቸው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ አክስት ረቡዕ ከሰዓት፣ ጎረቤት እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ አጭር ቢሆን ይሻላል፤ ሦስት ሰዓት በቅጡ የሚወጣ ሰው በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል፤ ሁለት ቀን ተይዞ የተማረረ ሰው ላይመለስ ይችላል።

ገላ ማጠብና ልብስ መቀየር በተለይ አስቸጋሪ ነው። አባቷን የምታጥብ ሴት ልጅም ሆነች የሚታጠቡት አባት ኀፍረት ሊሰማቸው ይችላል፤ ጠቡም ብዙ ጊዜ የሚነሳው በዚህ ሰዓት ነው። ከወንድ ዘመዶች አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ይህን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ለልጅቱ ከሙሉ ቀን እረፍት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሌሊትም እንዲሁ ነው። ታማሚው ሌሊት የሚነሱ ከሆነ አስታማሚው በሳምንት ሁለት ሌሊት በሌላ ክፍል ወይም በዘመድ ቤት መተኛት መቻሉ ቀን ከሚደረግ ማንኛውም እርዳታ ሊበልጥ ይችላል።

ዕድሮች በሐዘን ጊዜ ያላቸው አደረጃጀት ለዚህም ሊያገለግል ይችላል። ለዕድሩ ዳኛ ቀርቦ ጉዳዩን ማስረዳትና ከአባላቱ መካከል በሳምንት አንድ ጊዜ ሊቀመጡ የሚችሉ ሁለት ሰዎች እንዲመደቡ መጠየቅ ነውር የለበትም። ይህን ለማድረግ ሕመሙን በስሙ መጥራት ግድ ይላል። መደበቅ የሚያስከብር ቢመስልም ታማሚው ከቤት ወጥተው ሲጠፉ አይቶ የሚመልስ ጎረቤት ያሳጣል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ድርሻቸውን በገንዘብ ብቻ እንዳይወስነው ያስፈልጋል። በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ለተከፋይ አስታማሚ ይውላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ ከዕረፍታቸው አሥር ቀን ያህል ቤቱን ሙሉ በሙሉ ተረክበው ዋናው አስታማሚ እንዲወጣ ቢደረግ፣ ሕመሙ ምን ማለት እንደሆነ በስልክ ያልተረዱትን ይረዱበታል።

ኃላፊነቱን ጨርሶ የሚሸሽ ልጅ ወይም ወንድም ሲያጋጥም፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በወላጆችና በተወላጆች እንዲሁም በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ ተደንግጓል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልልዎን ሕግ ይመልከቱ። ለአንድ ሳምንት እፎይታ ፍርድ ቤት መሄድ አዋጭ አይደለም፤ የግዴታውን መኖር በሽማግሌ ፊት ማስታወስ ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተከፋይ አስታማሚ ስለመቅጠር

በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ነርስ ወይም ረዳት አስታማሚ ወደ ቤት የሚልኩ የግል ድርጅቶች አሉ። ድርጅቱ ከጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሰጠ የታደሰ ፈቃድ እንዳለው፣ የሚላከው ሰው የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ይዞ የሚያውቅ መሆኑንና ሰውየው ቢቀር ማን እንደሚተካው ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። በግል የሚቀጠር ሰው ከሆነም ተያዥ፣ የመታወቂያ ቅጂና አጭር የጽሑፍ ውል አስፈላጊ ናቸው።

በዚህ ዕድሜ ያለ ታማሚ ጉልበቱ ያልደከመ መሆኑን ለአስታማሚው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። ለአልጋ ቁራኛ የሚስማማ ሰው ለዚህ ላይስማማ ይችላል። ታማሚው ረጅም መንገድ በእግር ሊሄዱ፣ የመኪና ቁልፍ ሊፈልጉ፣ «ሥራ ረፈደብኝ» ብለው ሊወጡ ይችላሉ። አብሮ የሚራመድ፣ የማይከራከርና ሥራ የሚያስይዝ ሰው ይመረጣል። ሠላሳ ዓመት በአናጢነት የሠሩ አባት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ፣ እናት ምስር ሲለቅሙ ወይም ጥጥ ሲፈትሉ ሰዓቱ ይገፋል። የተጠናቀቀው ሥራ ጥራት ቁም ነገር አይደለም።

የቤት ሠራተኛዋን በነበረው ደመወዟ ላይ ይህን ኃላፊነት መጨመር የተለመደ ነው፤ አግባብ ግን አይደለም። ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች በመሆናቸው፣ አንዳንዱ ዓይነት ሕመም ደግሞ የታማሚውን ገደብና ይሉኝታ የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ብቻቸውን እንዲቀሩ ማድረግ ለሁለቱም ወገን አደጋ አለው።

አስታማሚው በሌለበት ሰዓት ታማሚውን ቆልፎ መሄድ ወይም ማሰር በምንም ሁኔታ አይፈቀድም። በእሳትና በመውደቅ ለሕይወት ማለፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ያላዘዘውን የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠትም እንዲሁ ክልክል ነው።

የበጎ አድራጎት ማዕከላት

በዚህ ረገድ አለመግባባት ስለሚፈጠር ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማት የተመሠረቱት በዋናነት ጧሪና ደጋፊ አጥተው ጎዳና ላይ ለወደቁ ወገኖች ነው። ቤተሰብ ያላቸው ሰው ለአሥር ቀን ቆይተው የሚመለሱበት ቦታ ተደርገው ሊታሰቡ አይገባም። ይሁን እንጂ በአካባቢዎ የሚንቀሳቀስ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የቀን ማዋያ ወይም የጉብኝት አገልግሎት እንዳለው የወረዳውን ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መጠየቅ ይጠቅማል። ቦታ ከተገኘ ታማሚውን ከማስገባትዎ በፊት ሳይነገር በምግብ ሰዓት ሄደው ይመልከቱ።

የሥራ ፈቃድና ጡረታ

አስታማሚው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ከሆነ፣ ከዓመት ፈቃዱ በተጨማሪ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው በአንድ ጊዜ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ይህም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን ከአሠሪው ጋር በመስማማት ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። የመንግሥት ሠራተኞች በሚመለከታቸው ሕግ መሠረት የሰው ኃይል ክፍላቸውን ይጠይቁ።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው የታማሚው የራሳቸው ሥራ ነው። የሕመሙ መጀመሪያ በመሥሪያ ቤት የሚታየው እንደ ቸልተኝነት፣ መዘግየትና የሒሳብ ጉድለት ሆኖ ነው። አንዳንዱ ተቀጥቶ ይሰናበታል፤ አንዳንዱ ተማሮ መልቀቂያ ያስገባል። በሁለቱም የጡረታ አዋጆች፣ ማለትም ለመንግሥት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በሕክምና ማስረጃ ለሥራ ብቁ አለመሆኑ ተረጋግጦ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የጤና ጉድለት የጡረታ አበል እስከ ዕለተ ሞቱ ያገኛል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ወይም በጥፋት የተሰናበተ ሰው ግን በዚህ መንገድ አይታይም። ስለሆነም ወላጅዎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባታቸው በፊት የሕክምና ቦርድ ማስረጃ እንዲያገኙ ያድርጉ። ለተከፋይ አስታማሚ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ አበል ሊገኝ ይችላል። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ነገሩን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ውክልናና ሞግዚትነት

ታማሚው አስተውለው መወሰን በሚችሉበት ጊዜ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርበው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ቢሰጡ የባንክ፣ የጡረታና የቤት ኪራይ ጉዳዮች አይቆሙም። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ሕመሙ ከገፋ በኋላ ትክክለኛው መንገድ የፍርድ ክልከላና የሞግዚት ሹመት እንዲወሰን ፍርድ ቤትን መጠየቅ ነው። ማመልከቻውን የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይችላል።

ርክክብና መመለስ

ተተኪው ሰው ከመረከቡ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከዋናው አስታማሚ ጋር አብሮ ይዋል። በአንድ ገጽ ላይ የመድኃኒቶቹ ስምና ሰዓት፣ ታማሚው የሚጠሩበት ስም፣ የሚያስቆጣቸውና የሚያረጋጋቸው ነገር፣ የሚወዱት ምግብ፣ ወደየት መሄድ እንደሚያዘወትሩና የሁለት ዘመዶች ስልክ ይጻፍ። በኪሳቸውም ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ በተተኪው ስልክ ላይ መኖሩም ታማሚው ቢጠፉ ለፖሊስ ጣቢያ ለማመልከት ያገለግላል፤ በዚህ ጊዜ እስኪመሽ መጠበቅ አያስፈልግም።

ታማሚው ከሌላ ቤት ወይም ከማዕከል ሲመለሱ ለጥቂት ቀናት መረበሻቸው፣ አስታማሚያቸውን መቆጣታቸው ወይም እንቅልፍ ማጣታቸው የሚጠበቅ ነው። ይህ እፎይታው ስሕተት እንደነበር አያመለክትም። ነገር ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ከፈዘዙ ወይም ትኩሳት ካላቸው የሕመሙ መባባስ ነው ተብሎ መተው የለበትም፤ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ተተኪው ሰው ቤቱን ለቆ ከመሄዱ በፊትም የሚቀጥለው ተራ ቀን ተቆርጦ በወረቀቱ ላይ ይስፈር።